ስድብና ተቃውሞ በአንድ ጨርቅ ላይ

ባየርን ሙኒክ በሰው ሜዳ 6ለ0 እየመራ ነው። 77ኛው ደቂቃ ላይ ዳኛው ክርስቲያን ዲንገርት ፊሽካውን ነፋና ሁለቱንም ቡድኖች ይዞ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። የተጎዳ ተጫዋች የለም። አጥር ዘሎ ሜዳ የገባ ተመልካች የለም። ጠርሙስ የወረወረም የለም። ጨዋታውን ያስቆመው ጨርቅ ነው፤ ከግቡ ጀርባ የቆሙት የባየርን ደጋፊዎች የዘረጉት፣ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 (የካቲት 21 ቀን 2012 ዓ.ም) ሲሆን ቦታው ደግሞ ዚንስሃይም ከተማ የሚገኘው የሆፈንሃይም ስታዲየም ነበር። ከአሥር ደቂቃ በፊትም ጨዋታው በዚሁ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። ያኔ አሰልጣኙ ሃንሲ ፍሊክና የክለቡ ሰዎች ወደ ደጋፊዎቹ ሄደው «ኧረ በሕግ አምላክ!» ቢሉም የሰማቸው አልተገኘም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ዳኛው ሰብስቧቸው ገባ።

ተጫዋቾቹ ሲመለሱ ኳስ ሊጫወቱ አልነበረም። የቀሩትን 13 ደቂቃዎች የባየርኑ ለሆፈንሃይሙ፣ የሆፈንሃይሙ ለባየርኑ ኳሷን ቀስ እያደረገ ሲያቀብል፣ መሀል ሜዳ ላይ ቆመው ሲጨዋወቱ ሰዓቱ አለቀ። የባየርኑ አለቃ ካርል ሃይንዝ ሩሚኒገ ከሆፈንሃይሙ ባለሀብት ከዲትማር ሆፕ ጎን ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። በገዛ ክለባቸው ደጋፊዎች ማፈራቸውንም ተናገሩ። በማግስቱ ዩኒየን በርሊን ከቮልፍስቡርግ ሲጫወት ተመሳሳይ ባነር ወጣ፤ ያም ጨዋታ ቆመ።

በቴሌቪዥን ላየው ሰው ትዕይንቱ ያምር ነበር። ሁለት ተቃራኒ ቡድኖች ለአንድ ሽማግሌ ክብር ሲሉ ኳስ መጫወት ተዉ፣ ምን ይጠላል? ነገሩን ጠጋ ብሎ ያየው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። ከባነሮቹ መካከል አንደኛው ሁለት ነገር ይላል። በአንድ በኩል የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ቃሉን አፍርሷል ይላል። በሌላ በኩል ሆፕን እናታቸውን በሚነካ፣ እዚህ ገጽ ላይ በማይጻፍ ስድብ ይጠራል። የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ያውም እንደምናየው መሠረት ያለው። ሁለተኛው ተራ ብልግና ነው። ሁለቱ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ቀለም ተጽፈዋል። ስድቡን ብቻ ቀዶ ተቃውሞውን የሚተው መቀስ ማን ጋ አለ?

የስታዲየም ሰዎች ሁሉ የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ዝም ካሉ ጥቂት አፈ ልቅ ሰዎች ስታዲየሙን ይወርሱታል። እጃቸውን ካነሱ ደግሞ ከተሳዳቢው ጋር የሚተቸውንም ይመታሉ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ሳንሱር ነው። ጀርመኖች በዚህ ጉዳይ 12 ዓመት ሙሉ ሲባሉ ኖረዋልና የእነሱን ታሪክ ማየቱ ይጠቅማል።

ሰውየው ማን ናቸው?

ዲትማር ሆፕ እ.ኤ.አ በ1940 የተወለዱ፣ በ1972 ኤስኤፒ የተባለውን ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር የመሠረቱ ቢሊየነር ናቸው። ሆፈንሃይም ደግሞ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ሆፕ በልጅነታቸው ለመንደሩ ቡድን ተጫውተዋል። ሀብታም ከሆኑ በኋላ የታችኛው ሊግ ውስጥ ሲንከባለል የነበረውን ይህንኑ ቡድን በገንዘባቸው አንስተው በ2008 ቡንደስሊጋ አደረሱት። በራልፍ ራንኚክ የሚሰለጥነው ቡድን ገና በመጀመሪያው ዓመት የውድድሩን አጋማሽ በአንደኝነት ጨረሰ። በ2009 መጀመሪያ ከ30 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ተመረቀ። ለሦስት ሺህ ነዋሪ ሠላሳ ሺህ መቀመጫ ማለት ነው!

እንግሊዝ ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። ጀርመን ግን «50 ሲደመር 1» የሚባል ደንብ አለ። የክለቡ የድምጽ አብላጫ በአባላቱ እጅ መቆየት አለበት፤ ባለሀብት ገንዘብ ማምጣት እንጂ ክለቡን ጠቅልሎ መውሰድ አይችልም። ለጀርመን ደጋፊ ይህ ደንብ እንደ ሃይማኖት ነው። የትኬት ዋጋ ከእንግሊዝ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነው፣ ቆሞ ማየት የተፈቀደው፣ ደጋፊው በጠቅላላ ጉባኤ እጁን አውጥቶ የሚናገረው በእሱ ነው ብለው ያምናሉ። ለሆፕ በ2015 ከደንቡ ውጪ አብላጫውን ድምጽ እንዲይዙ ሲፈቀድላቸው (ክለቡን ከ20 ዓመት በላይ ደግፈዋል በሚል) ጥላቻው ባሰ።

እንግዲህ ሆፕ ክፉ ሰው ናቸው ማለት አይደለም። ለሕክምናና ለወጣቶች ስፖርት ብዙ ገንዘብ የሰጡ ሰው ናቸው፤ የሚሰደቡትም በሠሩት ወንጀል ሳይሆን በወከሉት ነገር ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የሚከብደው። ደጋፊው «ገንዘብ ክለባችንን እንዳይገዛ» ሲል የሚደመጥ ቁም ነገር አለው። የአንድን ሽማግሌ እናት ሲጠራ ግን ቁም ነገሩን ራሱ ይቀብረዋል።

ከጨርቅ ወደ ድምጽ ማጉያ

ጠቡን የጀመሩት የቦሩሲያ ዶርትመንድ ደጋፊዎች ናቸው። በ2008 ሆፈንሃይም ገና ቡንደስሊጋ እንደገባ የሆፕን ፊት በጠመንጃ ማነጣጠሪያ ክብ ውስጥ የሚያሳይ ባነር ይዘው መጡ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስድብ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ፊት ላይ ማነጣጠሪያ መሳል ሌላ ነገር ነው። «ቀልድ ነው፣ አንተኩስም» ቢባልም 30 ሺህ ሰው ከሚያየው ስታዲየም ውስጥ አንድ እብድ እንደማይኖር ዋስትና የሚሰጥ የለም።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ በኦገስት 2011 የሆነው ነው። ዶርትመንዶች ዚንስሃይም መጥተው የለመዱትን የሆፕ ስድብ ሲጀምሩ ጆሯቸው ላይ የሚያፏጭ፣ የሚያስጨንቅ ቀጭን ድምጽ ይመጣባቸዋል። ስድቡ ሲቆም ድምጹ ይቆማል፤ ስድቡ ሲጀመር ይጀምራል። ኋላ ሲጣራ አንድ የሆፈንሃይም ሠራተኛ በእንግዳው ደጋፊ ፊት ለፊት የድምጽ መሣሪያ ተክሎ ኖሯል! ክለቡ መሣሪያው መኖሩን አመነ፤ ሠራተኛው በራሱ ሐሳብ ያደረገው ነው ብሎም ይቅርታ ጠየቀ። ፖሊስ ጋ የደረሰ አቤቱታም ቀረበ።

እስቲ ይህን አስቡት። ሥርዓት ማስከበር ያለበት ወገን ራሱ ነገረኛ ሆነ ማለት ነው። ድምጹ ደግሞ ተሳዳቢውን ከማይሳደበው አይለይም፤ ልጁን ይዞ የመጣው አባት፣ አፉን ያልከፈተው አዛውንት፣ ሁሉም እኩል ጆሯቸውን ያዙ። ዶርትመንዶች ከዚያ ቀን በኋላ ተሳዳቢ ብቻ ሳይሆኑ ተበዳይም ሆኑ። ለተሳዳቢ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ፌዴሬሽኑም በኋላ የሠራው ስህተት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በ2018 መኸር ዶርትመንዶች ዚንስሃይም ላይ ስድቡንም ማነጣጠሪያውንም ሲደግሙት የፌዴሬሽኑ ፍርድ ቤት ክለቡን ቀጣና የዶርትመንድ ደጋፊዎች ሆፈንሃይም ሜዳ እንዳይገቡ የሚያግድ ውሳኔ በገደብ አስተላለፈ። በዲሴምበር 2019 ስድቡ ተደገመ። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 2020 ገደቡ ተነሣ፤ ለሁለት የውድድር ዘመን አንድም የዶርትመንድ ደጋፊ ዚንስሃይም ላይ ቡድኑን እንዳያይ ተወሰነ፣ 50 ሺህ ዩሮም ተጨመረ።

አንድም! ሦስት ሺህ ገደማ ትኬት ነው ለእንግዳ ቡድን የሚሰጠው። ከሦስት ሺህው ስንቱ ተሳደበ? ስንቱ ጨርቅ ያዘ? ፍርዱ ይህን አልጠየቀም። ቢጫ ሹራብ መልበስ በቂ ጥፋት ሆነ።

ቃል ፈረሰ የሚለው ነገር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በኦገስት 2017 የወቅቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ራይንሃርድ ግሪንደል የጅምላ ቅጣት ከእንግዲህ እንደሚቆም፣ ጥፋተኛው ተለይቶ እንደሚጠየቅ አስታውቀው ነበር። ደጋፊዎች ለዓመታት የታገሉለት ጉዳይ ነበርና እንደ ድል ተቆጠረ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ዶርትመንድ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ያንን ቃል ቀደደው። እና ምን ሆነ? በሜዳ ላይ ዓይንና ናጫ የሆኑት የባየርን፣ የግላድባህ፣ የኮሎኝ፣ የዩኒየን ደጋፊዎች ለዶርትመንድ ሲሉ ያንኑ ስድብ አነሡ። የባየርን ደጋፊ ለዶርትመንድ ሲቆረቆር የታየበትን ዘመን ፈልጉ፤ አታገኙም።

አስተውሉ፣ እስከዚያ ቀን ስድቡ በአብዛኛው የአንድ ከተማ ሰዎች ልማድ ነበር። ከጅምላ ቅጣቱ በኋላ ግን የመብት ባንዲራ ሆነ። ሆፕን ምንም የማይጠሉ ወጣቶች ሳይቀሩ «መሳደብ ከከለከላችሁንማ እንሳደባለን» አሉ። ነገረኛ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ብቻውን ሲጮህ ማንም አይሰማውም፣ ሲመቱት ጀግና ይሆናል።

ጌልዘንኪርሸንና ሙንስተር

ሆፈንሃይም ላይ ዲንገርት የተጠቀመበት የሦስት ደረጃ መመሪያ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ጨዋታ ቆሞ በድምጽ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ ካልተሰማ ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ፤ አሁንም ካልተሰማ ጨዋታው ይሰረዛል። መመሪያው በፊፋና በአውሮፓ ማኅበር ሲወጣ በዋናነት ለዘረኝነት የታሰበ ነው። ታዲያ ጀርመን ውስጥ በዚያው ወር ዘረኝነት አልነበረም? ነበረ እንጂ።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 ጌልዘንኪርሸን ላይ በጀርመን ዋንጫ ሻልከ 04 ከሄርታ በርሊን ይጫወታል። የሄርታው ተከላካይ ዮርዳን ቶሩናሪጋ፣ አባቱ ናይጄሪያዊ የሆነ ጀርመን ተወላጅ፣ ከተመልካች መካከል የዝንጀሮ ድምጽ ተሰማበት። ልጁ ሜዳ ላይ አለቀሰ። ጓደኞቹ ለዳኛው ተናገሩ። ቡድኖቹ ግን ወደ መልበሻ ክፍል አልገቡም። በተጨማሪው ሰዓት ጠልፈውት ከሜዳ ውጪ ሲወድቅ በንዴት የመጠጥ ሳጥን አንስቶ ከመሬት አጋጨ፤ ዳኛው ሁለተኛ ቢጫ አሳየውና በቀይ ወጣ። ሻልከ 3ለ2 አሸነፈ። ክለቡ በኋላ 50 ሺህ ዩሮ ተቀጣ።

ከ25 ቀናት በኋላ ቢሊየነር ተሰደበ ተብሎ ጨዋታ ሁለቴ ሲቆም፣ ተጫዋቾች ኳስ መጫወት ሲተዉ፣ ደጋፊው ምን ይበል? «ለጥቁሩ ልጅ ያልቆመው ለባለገንዘቡ ቆመ» አለ። መልሱ ከባድ ነው። ለዘረኝነት የተሠራን መሣሪያ ለሁሉም ስድብ ስታወጣው መሣሪያው ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ለእውነተኛው ነገር ስታወጣው ሰው ይስቅብሃል።

አሁን ደግሞ ወደ ሙንስተር እንሂድ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ፕሮይሰን ሙንስተር ከቩርዝቡርገር ኪከርስ። ማንም የማያስታውሰው ባዶ ለባዶ ጨዋታ። የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ሊሮይ ክዋድዎ ላይ አንድ ሰው ከትሪቡኑ የዝንጀሮ ድምጽ አወጣ። ክዋድዎ ወደ ሰውየው አቅጣጫ ጠቆመ። ከዚያ የሆነው ግሩም ነው፤ ሰውየው አጠገብ የቆሙት የሙንስተር ደጋፊዎች፣ የራሱ ቡድን ሰዎች፣ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» ብለው ለአስተናባሪዎቹ አሳዩት። አስተናባሪዎቹ አንጠልጥለው አወጡት፤ ለፖሊስም ተሰጠ። ስታዲየሙ በሙሉ «ናዚ ይውጣ!» እያለ ጮኸ። ጨዋታው ቀጠለ። ሰውየው ለሦስት ዓመት በመላው አገሪቱ ስታዲየም እንዳይገባ ታገደ።

የተቀጣው አንድ ሰው ነው፤ ያጠፋውም አንድ ሰው ነው። ትሪቡን አልተዘጋም። ባነር አልተወረሰም። ለሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ ደጋፊው ስለ ክለቡ አመራር የፈለገውን ጽፎ መምጣት ይችላል። ፈራጁ ፌዴሬሽን ሳይሆን ጎረቤቱ ነበር። ሰው የጎረቤቱን ፍርድ ይፈራል፤ የፌዴሬሽንን ፍርድ ግን ይንቃል፣ ሲብስም ይኮራበታል።

ይህን ለመረዳት ጀርመን መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ዳኛ ይሰደባል፣ ዋሽንት የሚነፋ ይመስል ፊሽካው ይቀለድበታል፣ አሰልጣኝ «ውረድ!» ይባላል። መስመር ያለፈ ሲመጣ ግን አንድ ጋሼ ከኋላ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ተው!» ይላሉ። ልጁም ይተዋል። ያ «ተው» የሚለው ቃል ሲጠፋ ነው ፖሊስ የሚመጣው፣ ፖሊስ ከመጣ ደግሞ ዱላው ማን ተሳደበ ብሎ አይጠይቅም።

በሕግ የሞከሩትስ?

ስኮትላንዶች ሞክረውት ያዩት ነገር አለ። በማርች 2011 ሴልቲክና ሬንጀርስ በዋንጫ ተገናኝተው ሦስት ቀይ ካርድ ተመዘዘ፤ ሲያበቃም የሴልቲኩ ኒል ሌነንና የሬንጀርሱ አሊ ማኮይስት ሜዳው ጠርዝ ላይ ተናነቁ። በዚያው ሰሞን ለሌነን ጥይትና የፈንጂ እሽግ በፖስታ ተላከለት። መንግሥት ደነገጠ። በዓመቱ መጨረሻ በእግር ኳስ ስፍራ «አስቀያሚ ጠባይ» ማሳየትን እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ 64 ለ57 በሆነ ድምጽ ጸደቀ፤ በማርች 2012 ሥራ ላይ ዋለ።

ፈንጂ የሚልክን ሰው ለማሰር አዲስ ሕግ አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ነገር ሌላው አንቀጽ ነው። ጤነኛ አስተሳሰብ ያለው ሰው ቅር ሊሰኝበት የሚችል፣ ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ማንኛውም ጠባይ ወንጀል ሆነ። የሚያስቆጣው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ባይኖር እንኳ! ስታዲየም ብቻ አይደለም፤ ወደ ጨዋታ ስትሄድ መንገድ ላይ፣ ከጨዋታ ስትመለስ፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን በሚታይበት መጠጥ ቤት ሁሉ ይሠራል። እኛ ጋ ቢሆን ዲኤስቲቪ ቤት ማለት ነው። የትኛው መዝሙር ተፈቅዷል፣ የትኛው ተከልክሏል የሚል ዝርዝር ደግሞ ሕጉ ውስጥ የለም። ፖሊስ ትሪቡን ላይ ካሜራ ይዞ ይቆማል፤ ልጁ የዘፈነው የአያቱ የአየርላንድ ዘፈን ይሁን የጥላቻ ዘፈን የሚወስነው ፖሊሱ ነው። በዳንዲ ከተማ የሚያስችሉ አንድ ዳኛ ሕጉን በአገራቸው አነጋገር «የተፈጨ ሥጋ» ብለው ጠሩት፤ ትርኪ ምርኪ ለማለት ነው።

በጎራ የተከፈሉት የሴልቲክና የሬንጀርስ ደጋፊዎች ሳይቀሩ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሕጉን በመጥላት። እንግዲህ ይህም ስኬት ከተባለ ስኬት ነው። በማርች 2018 ፓርላማው 62 ለ60 በሆነ ጠባብ ድምጽ ሕጉን ሻረው፤ በኤፕሪል ከመጽሐፍ ወጣ። መሻሩን የተቃወሙትም ያነሡት ነጥብ ቀላል አልነበረም። በየሳምንቱ በሃይማኖቱ የሚሰደበው ሰው ማን አለው ብለው ጠየቁ። እውነት ነው፤ ያ ሰው ተረስቶ መቅረት የለበትም። ግን ለእሱ የሚያስፈልገው በሃይማኖትህ ምክንያት የሰደበህን ሰው የሚይዝ ጠባብ ሕግ እንጂ «ቅር ያሰኘ ሁሉ» የሚል ሰፊ መረብ አይደለም። ሰፊ መረብ ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል፤ ጎታቹ ደክሞት የሚለቀው ደግሞ ትልቁን ነው።

ማነጣጠሪያውና የቴኒስ ኳሱ

«ቅር አሰኘን» የሚለው ቃል አለቆች እጅ ሲገባ የት ድረስ እንደሚሄድ ባየርን ራሱ አሳይቷል። ደጋፊዎቹ ክለቡ ከኳታር አየር መንገድ ጋር የነበረውን የስፖንሰር ውል ለዓመታት ሲቃወሙ ምንም ስድብ አልተጠቀሙም። በጃንዋሪ 2020 ስለ ኳታር የጉልበት ሠራተኞች ውይይት አዘጋጅተው የክለቡን አለቆች ጋበዙ፤ አለቆቹ አልመጡም። በኖቬምበር 2021 ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባል ስለዚሁ ውል ያቀረበው ሐሳብ ለድምጽ ሳይቀርብ ቀረ፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ጥያቄ በር ሲዘጋበት ያየ ወጣት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨርቅ ላይ ምን ይጽፋል ብላችሁ ታስባላችሁ? ውሉ በ2023 አልታደሰም።

ሆፈንሃይም ላይ ያ ድራማ ከሆነ ከ11 ቀናት በኋላ፣ ማርች 11 ቀን 2020፣ በኮሮና ምክንያት በቡንደስሊጋ ታሪክ የመጀመሪያው ያለ ተመልካች ጨዋታ በግላድባህና በኮሎኝ መካከል ተደረገ። ስድብ የለም፣ ባነር የለም። የአሰልጣኝ ጩኸትና የኳስ ድምጽ ብቻ። ፌዴሬሽኑ የሚመኘው ሰላም ይህ ከነበረ አገኘው፤ ጨዋታው ግን ቀብር ይመስል ነበር።

ጀርመኖች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር የተማሩ ይመስላል። በዲሴምበር 2023 የሊጉ ማኅበር የቴሌቪዥን ገቢውን ድርሻ ለውጭ ባለሀብት ለመሸጥ ድምጽ ሰጠ። ከ36ቱ ክለቦች 24ቱ ደገፉት፤ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ልክ በልኩ ተገኘ። የሐኖቨሩ ማርቲን ኪንድ ከክለባቸው ትእዛዝ ውጪ «አዎ» ብለው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ነገሠ። ከዚያ በኋላ በየስታዲየሙ የሆነው ሠርግ ነበር። የቴኒስ ኳስ ዘነበ፣ የቸኮሌት ሳንቲም ተበተነ፣ በሪሞት የሚነዱ የልጆች መኪኖች ጭስ እየለቀቁ ሜዳ ውስጥ ተሽከረከሩ። በርሊን ላይ ሄርታ ከሐምቡርግ ሲጫወት ግማሽ ሰዓት ያህል ጨዋታ ቆመ። ዳኞች ታገሡ። ኳሶቹ ተለቀሙ፣ ጨዋታ ቀጠለ፣ እንደገና ተወረወረ፣ እንደገና ተለቀመ። ያሰለቻል? በጣም። ቴሌቪዥን ከፍቶ ለተቀመጠውማ ንዴት ነው። ግን ማንም አልተጎዳም፣ የማንም እናት አልተጠራችም፣ መልእክቱም ለሁሉም ገባ።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 ሐምቡርግ ሐኖቨርን አስተናግዶ 4ለ3 በተሸነፈበት ጨዋታ ግን የሐኖቨር ደጋፊዎች የማርቲን ኪንድን ፊት በማነጣጠሪያ ክብ ውስጥ አድርገው አወጡ። ዳኛው ወዲያው አስቆመ፤ ቡድኖቹ ወጡ፤ ባነሩ ካልወረደ ጨዋታው እንደሚሰረዝ ተነገረ። ወረደ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ስለ ገንዘቡ የሚጮኸው፣ ኳስ የሚወረውረው፣ ጨዋታ የሚያዘገየው ሁሉ ለሳምንታት ታገሡት፤ የሰው ፊት ላይ ማነጣጠሪያ ሲሳል ግን ለደቂቃም አልታገሡም። በ2020 ሁለቱ ተደባልቀው ነበር፤ በ2024 ተለያዩ። ቅጣቱም ዝም ብሎ ትሪቡኑን በሙሉ ከመዝጋት አልጀመረም።

ከዚያ ምሽት አምስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 21፣ የሊጉ ማኅበር ከባለሀብቱ ጋር የነበረውን ድርድር ማቆሙን አስታወቀ። የቴኒስ ኳሱ ሠራ ማለት ነው። ዲትማር ሆፕም በበኩላቸው ከዓመት በፊት፣ በማርች 2023፣ በሆፈንሃይም የያዙትን አብላጫ ድምጽ ለአባላቱ እንደሚመልሱ አስታውቀው ነበር። 15 ዓመት ሙሉ የተሰደቡበትን ነገር በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት።